ጥምቀት ካለፈ በኋላ ምን ይገዛል? የየካ አባዶ የንዋየ ቅድሳት ሱቆች ሲፈተሹ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት የሚያውቀው ለባሹ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴውም ዕቃ የሚያስገባው በዚሁ ሒሳብ ነው። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዙሪያ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያስገቡት መንገዶች ግራና ቀኝ ያሉት የንዋየ ቅድሳት ሱቆች በነጠላ፣ ሥዕል በታተመበት ካናቴራና በሪባን ይሞላሉ። ገና አልፎ፣ ከተራው አልፎ፣ በቃና ዘገሊላ የመጨረሻው ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ ይነሳል። መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ጧፍ፣ ዳዊት፣ መቁጠሪያ፣ ዕጣንና የግድግዳ ካላንደር ነው። የምንመዝነውም ይህን የቀረውን ነው፤ ከበዓል በኋላ ያለውን ጸሎትና ጾም የሚሸከመው እሱ ስለሆነ። ሱቆቹ በጥር መጀመሪያ ሳይሆን በየካቲት ቢፈተኑ ማናቸው እንደሚያልፉ ያኔ ይታያል።

ሻጮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። በቅጥሩ በር አካባቢ ያሉት የኮንቴነርና የቆርቆሮ ሱቆች አሉ፤ በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ንግድ ቤት የተከራዩት አሉ፤ በወር በዓል ቀን ደግሞ ሸራ ዘርግተው የሚሸጡ አሉ። ለመጽሐፍ ንግድ ቤቶቹ ይሻላሉ፤ ዕቃው ፀሐይና አቧራ አላገኘውም። ለጧፍ የበሩ አጠገቦቹ ይመረጣሉ፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚሸጡ አሮጌ እስር አይከማችባቸውም። ሸራ ላይ ከተዘረጋው ጧፍ አለመግዛት ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። መርካቶ ድረስ ወርዶ በጅምላ መግዛት የሚያዋጣው ለማኅበር ወይም ለሰንበቴ ሲሆን እንጂ ለአንድ ቤት የታክሲውንና የጉልበቱን ዋጋ አይመልስም።

ጧፍ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚታለልበት ዕቃ ይህ ነው። ጧፍ ማለት የጥጥ ፈትል ሰም ውስጥ እየተነከረ የሚሠራ ቀጭን መብራት ነው፤ ሰሙም የንብ ሰም መሆን አለበት። ገበያው ውስጥ ግን ሦስት ዓይነት በአንድ ስም ይሸጣል፦ ንጹህ የንብ ሰም፣ ከፓራፊን ጋር የተደባለቀ፣ እና ሙሉ በሙሉ ፓራፊን ሆኖ ቢጫ ቀለም የተነከረ። ሦስተኛው ዓይነት ከሩቅ ሲታይ ከመጀመሪያው ይልቅ ያምራል፤ ቢጫነቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። የእውነተኛው ሰም ቀለም ግን ከእስር እስር ይለያያል፤ አንዱ ወደ ቡኒ፣ አንዱ ወደ ገለባ ያደላል።

ሻጯን «እህቴ፣ ይሄ ሰም ነው ፓራፊን?» ብትሏት «ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው ነው እኮ እናቴ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ይህ መልስ አይደለም። አንዱን ጧፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሹት። የንብ ሰም በጣት ሙቀት ይለሰልሳል፣ ትንሽ ይጣበቃል፣ ስታሸቱትም ማር ማር ይላል። ፓራፊን ያንሸራትታል፤ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል። ከዚያ አንዱን አስለኩሱና እፍ ብላችሁ አጥፉት። ጢሱ ላምባ ላምባ ከሸተተ ነገሩ አልቋል። ጨዋ ሻጭ ይህን ስታደርጉ አይቆጣም፤ የሚቆጣ ሱቅ ካጋጠማችሁ አጠገቡ ሌላ አለ።

ልዩነቱ የክብር ብቻ አይደለም። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ ርካሹ ፓራፊን ከዚያ በታች ይለሰልሳል። ሸራ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጧፍ ቤት ገብቶ ሲተከል የሚንጋደደው፣ ሲነድም በአንድ ጎኑ እየፈሰሰ ጠረጴዛውን የሚያበላሸው ለዚህ ነው። የጥር ሌሊት ደግሞ በየካ አባዶ ሜዳ ላይ ብርቱ ብርድ አለው። ጠዋት ላይ ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ጧፍ ጎንበስ ሲያደርጉት ሰሙ ከፈትሉ ይለያል። ስለዚህ እስሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ጥቂት አቆዩት።

ሁለት ነገር በስሕተት እንደ ብልሽት ይታያል። አንዱ በንብ ሰም ላይ ከጊዜ በኋላ የሚወጣው ነጭ አመድ የመሰለ ሽፋን ነው። እሱ ሻጋታ አይደለም፤ የእውነተኛ ሰም ባሕርይ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ሲታሸት ይለቃል። እንዲያውም ሽፋኑ የታየበትን እስር ሻጮች አሮጌ ነው ብለው ቀንሰው ሲሸጡ ተሽቀዳደሙበት። ሌላው ጢስ ነው። ንጹህ ሰምም ቢሆን ፈትሉ ከወፈረ ወይም ኩስታሪው፣ ማለትም ነዶ የጠቆረው የፈትሉ ጫፍ፣ ከረዘመ ያጨሳል፤ ኩስታሪውን ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ ማቆየት ነው። መስኮት ሥር የተተከለ ጧፍም ነፋሱ ነበልባሉን ስለሚያንገላታው ጥቀርሻ ያወጣና የኮንዶሚኒየሙን ነጭ ግድግዳ ያጠቁራል።

መትከያውን በተመለከተ ሱቆቹ የሚሸጡት ከቀጭን ቆርቆሮ የተሠራው መቅረዝ ገንዘቡን አያወጣም። መሠረቱ ቀላል ነው፤ መጋረጃ ነክቶት ወይም ሕፃን ገፍቶት ይወድቃል። ጣሳ ውስጥ የደረቀ አሸዋ ሞልቶ እዚያ መትከል ይበልጣል፤ ቢያዘነብልም አሸዋው ይይዘዋል፤ የሚንጠባጠበውንም ሰም ይውጣል። ከመጋረጃ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። መብራት ሲጠፋ ያንኑ ጧፍ ወጥ ቤት ይዞ መዞር የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ለዚያ ሥራ ወፍራም ሻማ ግዙ።

ካላንደር

የግድግዳው ካላንደር ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ያለውን ኑሮ ግን እንደሱ የሚመራ የለም። ሰው ከገና ወዲያ የሚሳሳተው ጊዜ መቁጠር ላይ ነው፦ ከዐቢይ ጾም የሚቀድመው የሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ አያውቅም፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ነው የሚሰማው። በ2018 ነነዌ የገባው ጥር 25 ነው፤ ከጥምቀት 14 ቀን ብቻ ይርቃል። በ2019 የካቲት 15 ነው፤ 34 ቀን። ከጥር 17 ቀድሞ ከየካቲት 21ም አልፎ አይገባም፤ በዚህ መሃል ግን ይንከራተታል።

ካላንደሩ ልክ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የ2019ን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመር 2019 ይሆናል 7519። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 13 ነው፤ ይህ ቀሪ በባሕረ ሐሳብ ወንበር ይባላል። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ በ30 ሲገደፍ 7 ይቀራል፤ መጥቅዑ ይህ ነው። ከ14 ስለሚያንስ የነነዌ መነሻ የሆነው በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ይውላል፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 8 ነው፤ 7 እና 8 ሲደመሩ 15። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ነነዌ በየካቲት ስለሚገባ የካቲት 15 ሰኞ ነው። ዐቢይ ጾም ከዚያ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 29 ሰኞ ይገባል፤ 55 ቀን ተጹሞ ፋሲካ ሚያዝያ 24 እሑድ ይሆናል። ካላንደሩ ላይ ነነዌ ወይም የዐቢይ ጾም መግቢያ ከሰኞ ሌላ ቀን ላይ ከተጻፈ ወዲያው መልሱት፤ ሁለቱም ምንጊዜም ሰኞ ናቸው።

ሌላው የተለመደ የኅትመት ስሕተት ረቡዕና ዓርብን ከዓመት እስከ ዓመት በአንድ ቀለም መቀባት ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። ገናና ጥምቀትም በረቡዕ ወይም በዓርብ ሲውሉ ያው ነው፤ የ2018 ገና ረቡዕ ነበር የዋለው። በገናና በጥምቀት መካከል ያሉት ሌሎች ረቡዕና ዓርቦች ግን ይጾማሉ፤ «እስከ ጥምቀት በዓል ነው» ብሎ የሚበላው ሰው ካላንደሩን አላየም። ለ2020 የሚታተመውን ስትገዙ ደግሞ ገና ታኅሣሥ 28 ተብሎ መጻፉን እዩ፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው።

ከታች ለማስታወሻ የሚሆን ባዶ መስመር ያለውን ምረጡ። ቀኖቹን ሁሉ ፎቶ የሸፈነው ካላንደር ግድግዳ ያሳምራል እንጂ የወር በዓላቱን፣ 12ን፣ 21ን፣ 27ን፣ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ዳዊትና ውዳሴ ማርያም

እዚህ ላይ የሱቆቹ ደረጃ ይለያያል። የግእዙ መዝሙረ ዳዊት በባህሉ 150ውን መዝሙር ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አብረው አሉ። ይህ ለምን ይጠቅማል ቢባል በየዕለቱ ለሚደግም ሰው ክፍፍሉ እንዲህ ስለሆነ ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አንዳንድ ርካሽ ኅትመት 150ው ላይ ያቆማል። እሱን የገዛ ሰው እሑድ ሲደርስ የሚደግመው ያጣል። ከመግዛታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ግለጡ።

ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለው ለጀማሪ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለንባብ እውነት ነው። ለመድገም ግን መጽሐፉ ይወፍራል፤ ፊደሉም ያንሳል። ቆሞ በጧፍ ብርሃን ለሚያነብ ሰው ፊደሉ ትልቅ የሆነው የአንድ ቋንቋ ኅትመት ይመረጣል። ቁጥሩንም ተጠንቀቁ፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በዕብራይስጡ አቆጣጠር 23 ሲሆን በግእዙ ዳዊት 22 ነው። የዕለቱን ክፍል በግእዙ ቁጥር ይዞ በሌላ አቆጣጠር ከታተመ መጽሐፍ ላይ የሚያነብ ሰው ድንበሩ ላይ አንድ መዝሙር ይዘላል ወይም ይደግማል።

ስለ ጥራዙ። መጽሐፉን መሃል ላይ ክፈቱና እጥፋቱን እዩ፤ ክር ከታየ ተሰፍቷል፣ ይቆያል። ሙጫ ብቻ ከሆነ በየቀኑ የሚገለጥ ዳዊት ዐቢይ ጾም ሳያልቅ ቅጠል ቅጠሉ ይወጣል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዙት፤ የጀርባው ጽሑፍ ጎልቶ ከታየ ማታ ዓይን ያስቸግራል። ዚፕ ያለው የቆዳ መሳይ ሽፋን ለስጦታ ያምራል፤ ዚፑ ግን ከመጽሐፉ ቀድሞ ይሞታል። ጨርቅ ማኅደር ማሰፋት ይሻላል።

በየቀኑ 30 መዝሙር አንብቦ የማያውቅ ሰው ከጥምቀት ማግስት በዚያ ቢጀምር በሳምንቱ ይተወዋል፤ ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነው። ዳዊት በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር። በቀን አንድ ንጉሥ ያለ ቅሬታ ይሄዳል፤ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ያልቃል። ከዚያም ቢከብድ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብቻ መያዝ ነው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ በሰባት የተከፈለ ስለሆነ ለሥራ ሰው ይመቻል። በኪስ መጠን የሚሸጠው ውዳሴ ማርያም ከጠቅላላው ሱቅ ውስጥ ለዋጋው የሚመጥን የመጀመሪያው ዕቃ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

መቁጠሪያ

ቁጠሩት። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን 41 ተብሎ የሚሸጠው መቁጠሪያ 39 ወይም 43 ሆኖ መገኘቱ አዲስ አይደለም። 41ዱ ለኪርያላይሶን ነው፤ 64ቱ በእመቤታችን ዕድሜ ልክ ነው፤ ፍሬው ከጎደለ ዕቃው ሥራውን አይሠራም። የፕላስቲኩ ፍሬ ይንሸራተታል፤ ሳይቆጠር ሁለት ሁለት ያልፋል። የእንጨቱ ይያዛል። የሚበጠሰው ሁልጊዜ መስቀሉ የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ነው፤ የብረት ቀለበቱ ክሩን እየበላ ይቆርጠዋል። ቀለበቱን አስወጥታችሁ በቋጠሮ አስተካክሉልኝ በሉ፤ አብዛኞቹ ሻጮች እዚያው ያስሩላችኋል።

ዕጣን

ነጭ ዕጣን ብለው የሚሸጡት ከረጢት ውስጥ ሁለት ነገር ይደባለቃል፦ የዛፍ ቅርፊትና የግራር ሙጫ። ቅርፊቱ ይታያል፤ ሙጫው ግን በመልክ ይመሳሰላል። አንዷን ፍሬ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ ሙጫ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ዕጣን አይሟሟም፣ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል እንጂ። ፍም ላይ ስትጥሉትም ሙጫ ያብጥና ይከስላል፤ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ዕጣን ይቀልጣል፤ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ሽታው ውስጥ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር አለ። በዱቄት መልክ የታሸገውን ተዉት፤ ምን እንደተፈጨበት አይታወቅም።

ለአንድ ክፍል የሽንብራ ፍሬ የሚያክል ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ከሰሉ አመድ ሳይለብስ ዕጣን መጣል ጢሱን መራራ ያደርገዋል፤ በክብሪት ቶሎ የሚቀጣጠለው ክቡ ከሰል ደግሞ ማቀጣጠያው ተቃጥሎ እስኪያልቅ የራሱ መጥፎ ሽታ አለው፤ ግራጫ እስኪሆን ጠብቁት። የኮንዶሚኒየም ክፍል ጠባብ ነው፤ መስኮት ሳይከፈት ፍም አይቀመጥ፣ ፍም ባለበት ክፍልም አይተኛ። የከሰል ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ሱቆቹ ትንንሽ ጽና ከነቃጭሉ ይሸጣሉ። ጽና ይዞ ማጠን የካህን ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚጨሰው የሸክላ ማጨሻ በቂ ነው፣ ዋጋውም ያንሳል። ይህን ለጌጥ ብለው የሚሸጡበት ምክንያት አይገባንም።

ቀሪው

ሥዕሉ ላይ ብዙ አንቆይም። ግማሹ ከውጭ የተቀዳ ኅትመት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን የአሣሣል ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ክረምት ሳይደርስ ይነጣል። የአንገት መስቀሉ ከወይራ ከሆነ ይቆያል፤ የተለበጠው ብረት በላብ ይለቅና አንገት ላይ አረንጓዴ ያትማል።

መዝሙርና ስብከት የተጫነበት ፍላሽ አለመግዛት ይሻላል። ላዩ ላይ 32 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ የዚያ ሩብ የማይሞላ አለ፤ መዝሙሮቹም ከዘማሪዎቹ ፈቃድ ውጭ የተገለበጡ ናቸው። ለጾምና ለጸሎት የሚሰማ ነገር በስርቆት መጀመር ደስ አይልም።

ነጠላ ከፈለጋችሁ ከጥምቀት በኋላ ግዙ። የበዓሉ ዋጋ ይወርዳል፤ ምርጫው ግን ያንሳል። ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ድሩ እኩል መሆኑን እዩ። ጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ ላይ አቧራ የጠጣውን ነጠላ በረኪና አታስነኩት፤ ጥበቡ ቀለም ይለቃል። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፎ ሳያሹ ማለቅለቅ ነው።

ሱቆቹ ያልያዙት አንድ ነገር አለ፤ የምጽዋት ገንዘብ የሚጠራቀምባት ቁልፍ ያላት ትንሽ ሣጥን። ጾም ላይ የቀረው የምሳ ዋጋ ለነዳያን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለብቻው ካልተቀመጠ ግን ከአስቤዛው ጋር ይቀላቀልና ይጠፋል። አናጺ ዘንድ በቁርጥራጭ ጣውላ ይሠራል፤ ክዳኑ በሚስማር ሳይሆን በማጠፊያ ይሁን።

በጠቅላላው ለጧፍና ለኪስ መጽሐፍ እነዚህ ሱቆች ጥሩ ናቸው፣ ለዕጣን መካከለኛ፣ ለፍላሽና ለሥዕል ደካማ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዋጋ አለመለጠፉ ነው፤ አንዱ እስር ጧፍ በወር በዓል ጠዋት አንድ ዋጋ፣ ከሰዓት ሌላ ዋጋ ይጠራበታል። ግማሽ እስር የሚሸጥ ሱቅም ጥቂት ነው፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው ሙሉው ስለሚበዛ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል። ጥሩው ጊዜ ከጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ቀጥሎ ያለው ሳምንት ነው፤ ሰልፉ የለም፣ ሻጩም ጧፉን እስክታሹት ይታገሳል። ነነዌ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሄዳችሁ ግን የተሰፋው ዳዊት አልቆ ሙጫው ብቻ ይጠብቃችኋል።